ያዘዘ ይጠየቃል፦ መምህር የሰጠውን ሥራ የመከታተል ግዴታው ከየት ይመነጫል?

መምህር ለተማሪዎቹ አንድ ሥራ አዝዞ፣ ተማሪዎቹም ሠርተው ካቀረቡ በኋላ፣ ደብተሩ ሳይገለጥ ወረቀቱም ሳይነበብ ቢቀር የተፈጸመው ጉድለት ምን ዓይነት ጉድለት ነው? ጉዳዩን የአሠራር ጉድለት ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው መፍትሔውን በመመሪያ፣ በቅጽና በርእሰ መምህሩ ቁጥጥር ይፈልጋል። የሥነ ምግባር ጉድለት ነው የሚል ሰው ግን አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለበት፤ ይኸውም መምህሩ ለተማሪው ያለበት ዕዳ ምንድን ነው፣ ዕዳውስ የሚጀምረው መቼ ነው የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን መንገድ ይከተላል፤ የሚከራከርለትም ሐሳብ፣ ሥራ ማዘዝ ከታዛዡ በፊት አዛዡን የሚያስር ውል በመሆኑ፣ ማንም መምህር ሊመለከተው ከሚችለው በላይ የማዘዝ መብት የለውም የሚል ነው።

ከክርክሩ በፊት ሁለት ቃላት መወሰን አለባቸው። እዚህ ላይ «ሥራ» የሚባለው ተማሪው ከመምህሩ ዐይን ርቆ በራሱ ጊዜ እንዲያከናውነው የሚታዘዘው ተግባር ሲሆን፣ በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ የቤት ሥራ፣ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ አሳይመንት ይባላል። «ክትትል» የሚባለው ደግሞ ሦስት ተግባራት በአንድነት ሲፈጸሙ ነው፤ ማን እንደ ሠራና ማን እንዳልሠራ ማወቅ፣ የተሠራውን ማንበብ፣ በንባቡ የተገኘውንም ገና ሊጠቅመው በሚችልበት ጊዜ ለተማሪው መመለስ። ከሦስቱ የመጀመሪያው ብቻ ሲፈጸም ቆጠራ ይሆናል፤ ሁለተኛው ተጨምሮ ሦስተኛው ሲቀር ደግሞ መምህሩ ያወቀው ነገር ከመምህሩ ጋር ይቀራል፣ ተማሪው ግን በነበረበት ይቆያል።

የባቲ ተማሪና የቤት ሥራው

ጥያቄው በየትኛውም ትምህርት ቤት ሊነሣ ቢችልም በባቲ የተለየ ክብደት አለው። ባቲ በአማራ ክልል፣ መቀመጫው ከሚሴ በሆነው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የደጋው ሰውና የአፋር ቆላ ሰው ሰኞ ሰኞ የሚገናኙባት ታላቅ የገበያ ከተማ ናት። በዞኑ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ይሰጣል፤ አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ በመሆኑ ራሱን ችሎ ይማሩታል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል። በዚህ መሰላል ላይ የሚወጣ ልጅ፣ በተለይም በገጠሩ፣ ወላጆቹ ሊያነቡት በማይችሉት ቋንቋ የተጻፈ የቤት ሥራ ይዞ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል።

በትልልቅ ከተሞች ባሉ የግል ትምህርት ቤቶች በወላጅና በመምህር መካከል የሚመላለስ የመገናኛ ደብተር አለ፤ አቅም ያለው ቤተሰብ አስጠኚ ይቀጥራል፤ ስለዚህም መምህሩ ያላየው ሥራ በሌላ ዐይን የመታየት ዕድል አለው። ከባቲ ወጣ ባለ ቀበሌ ለሚኖር ልጅ ግን የመምህሩ ዐይን ከብዙ ዐይኖች አንዱ መሆኑ ይቀርና ብቸኛው ይሆናል። በመሆኑም ክትትሉ ሲጓደል ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም፤ ሌላ የሚያይለት ያለው ተማሪ እምብዛም ሳይጎዳ ሲያልፍ፣ የሌለው ተማሪ ሙሉውን ይሸከማል። የመምህሩ ቸልታ ሳይታሰብ በደኻውና በባለጸጋው ልጅ መካከል ያለውን ልዩነት ስለሚያሰፋው፣ ጉዳዩ ከትጋት ጥያቄ አልፎ የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል።

ክትትል ስለ ተማሪው ኑሮም ዕውቀት ይሰጣል። ማክሰኞ ጠዋት ደብተር የሚሰበስብ የባቲ መምህር፣ ሥራውን ያልሠሩት ልጆች የትኞቹ እንደ ሆኑ ለጥቂት ሳምንታት ቢያስተውል፣ ሰኞን ከቤተሰባቸው ጋር በገበያ የሚያሳልፉትን ከሰነፎቹ ለይቶ ማወቅ ይችላል፤ ይህን ያወቀ መምህርም የማስረከቢያውን ቀን በማዛወር ብቻ ሊያቃና የሚችለውን ነገር በቅጣት ለማቃናት አይነሣም። እንዲሁም በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ እስከ ባቲና ከሚሴ በደረሰ ጊዜ ትምህርት ተቋርጦ እንደ ነበር የሚታወቅ ሲሆን፣ ከእንዲህ ያለ መቋረጥ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ የቱ ጋ እንደ ጎደለበት የሚያሳየው የክፍሉ አማካይ ውጤት ሳይሆን ልጁ በራሱ እጅ የሠራው ሥራ ነው።

ማዘዝና መስማት ባልተለያዩበት ዘመን

መከታተል የመምህር ግዴታ ነውን ብሎ መጠየቅ ለአካባቢው ነባር የትምህርት ሥርዓት እንግዳ ነው፤ በዚያ ሥርዓት ሥራ ማዘዝና የተሠራውን መስማት ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች አልነበሩምና። ባቲ የምትገኝበት ወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት መገኛ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሡት ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ የጀማ ንጉሥን ማዕከል መሥርተዋል፤ ለከሚሴ ቅርብ በሆነችው በሾንኬም እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት የኖሩት ሸኽ ጀውሀር ኢብን ሐይደር በዕውቀታቸው ስማቸው የተጠራ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የ19ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ሲመረምሩ፣ ለሃይማኖቱ መስፋፋትና መጠናከር እነዚህ የትምህርት ማዕከላት የነበራቸውን ድርሻ በስፋት አሳይተዋል።

በእነዚህ ማዕከላት ተማሪው ደረሳ ይባላል፤ ደረሳው ይቀራል፣ ሸኹ ያቀራል። ጀማሪው ቁርኣን የሚቀራው ሉህ በሚባል የእንጨት ሰሌዳ ላይ ሲሆን፣ የዕለቱ ክፍል በሰሌዳው ላይ ይጻፍለታል፤ ልጁ ደጋግሞ ካጠናው በኋላ በመምህሩ ፊት ያነበንበዋል፤ መምህሩ ሰምቶ ሲያበቃ ሰሌዳው ይታጠባል፣ አዲሱ ክፍልም ይጻፋል። ያልተሰማ ትምህርት እስካለ ድረስ ለአዲስ ትምህርት ቦታ የለም። ደረሳው አድጎ ወደ ኪታብ፣ ማለትም ወደ ፊቅህ (የሃይማኖታዊ ሕግ ትምህርት) እና ወደ ነሕው (የዐረብኛ ሰዋስው) ሲሻገርም መጽሐፉን ከሸኹ ፊት ዘርግቶ ያነባል፣ ይታረማል፣ ይጠየቃል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የቅኔ ቤት ያለው ሥርዓትም ከዚህ አይርቅም፤ ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ሲቆጥር፣ ማለትም ቅኔውን በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ውሎ የደረሰበትን ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታም በቃል ያርሙታል፤ ጉባኤ ቃና ከሚባለው አጭር ቅኔ ወደ ረዘሙት የሚያሸጋግረውም ይኸው በየዕለቱ የሚደረግ እርማት ነው።

ሁለቱ ሥርዓቶች በሃይማኖት ቢለያዩም የትምህርቱን መጠን የወሰኑበት መስፈርት አንድ ነው፤ መምህሩ ሊሰማ የሚችለውን ያህል ያዝዛል፣ የሰማውን ያህል ይቀጥላል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይዞት የመጣው ለውጥ ይህን ማያያዣ መፍታቱ ነው። ሥራው በጽሑፍ ስለ ሆነ መምህሩ ሳይኖር ሊሠራ ይችላል፤ የትምህርት ዘመኑ በጊዜ ሰሌዳ የተከፋፈለ ስለ ሆነ የትናንቱ ባይታይም የዛሬው ምዕራፍ ይጀመራል፤ የተማሪው ቁጥር ብዙ ስለ ሆነም አንዱ ልጅ ሳይታይ ቢያልፍ የሚያስተውል አይኖርም። ማዘዝ ከመስማት የተለየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱ በአሠራር ከተለያዩ በኋላም በግዴታ መያያዛቸው ጸንቶ ይኖራል ወይ የሚለው ጥያቄ የተነሣው ከዚያ ወዲህ ነው።

የገዛሊ ሙግት

ለዚህ ጥያቄ ጠንካራ መሠረት የሚገኘው በኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ (1058–1111 እ.ኤ.አ.) ሥራ ውስጥ ነው። ገዛሊ «ኢሕያ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው ታላቅ መጽሐፋቸው በመጀመሪያው ክፍል የመምህርን ግዴታዎች ሲዘረዝሩ፣ ቀዳሚ ያደረጉት መምህሩ ለተማሪዎቹ እንደ አባት እንዲራራ ነው፤ ተማሪው ከአቅሙ በላይ ወደ ሆነ ደረጃ ሳይደርስ እንዳይሸጋገር መጠበቅም፣ ምክርን አለመንፈግም ከዚያ ቀጥለው ከሚመጡት ግዴታዎች ውስጥ ናቸው። የተማሪውን ሥራ የማያይ መምህር ደረጃውን ሊያውቅ ስለማይችል፣ ይህን ደረጃን የመጠበቅ ግዴታ የሚፈጽምበት መንገድ የለውም።

ለተያዘው ርእስ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ገዛሊ በዚሁ መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ ስለ ሙራቀባና ስለ ሙሐሰባ የጻፉት ነው። ሙራቀባ ሥራን በንቃት መጠበቅ፣ ሙሐሰባ ደግሞ የተሠራውን መለስ ብሎ መተሳሰብ ነው። ገዛሊ የሰውን ነፍስ ከአንድ ነጋዴ የንግድ ሸሪክ ጋር ያነጻጽሯታል፤ ነጋዴው አእምሮ ነው፣ ዋናው ገንዘብ ዕድሜ ነው። ባቲን የመሰለ ገበያ የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ ለሸሪኩ ገንዘብ የሰጠ ነጋዴ በመጀመሪያ በምን እንደሚነግድ ይዋዋለዋል፣ ቀጥሎ አካሄዱን ይከታተላል፣ በመጨረሻም ተቀምጦ ይተሳሰበዋል፤ ጉድለት ሲያገኝም ይወቅሰዋል፣ እንዲያሟላም ያደርገዋል። ውሉን ተዋውሎ ሒሳቡን የተወ ነጋዴ ገንዘቡን እንደ ጣለ ይቆጠራል።

ገዛሊ ይህን የጻፉት ሰው ከራሱ ጋር ስላለው ግንኙነት ነው፤ ስለ መምህርና ተማሪ አይደለም። ሆኖም ወደ መምህርነት ሲወሰድ ሁለት ነገሮችን ያበራል። አንደኛው የገንዘቡ ባለቤትነት ነው። ነጋዴው ያልተሳሰበው የራሱን ገንዘብ ነው፤ መምህሩ ሥራ ሲያዝዝ ግን የሚያወጣው የተማሪውን ዕድሜ ነው። አንድ የቤት ሥራ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ፣ እነዚያ ሁለት ሰዓታት ልጁ ቤተሰቡን ሊረዳበት፣ ሊጫወትበት ወይም ሊያርፍበት ይችል የነበረ፣ ተመልሶ የማይገኝ የሕይወቱ ክፍል ናቸው። መምህሩ በዚህ ላይ ማዘዝ የቻለው ባለቤት ስለ ሆነ ሳይሆን ባለ አማና ስለ ሆነ ነው፤ አማና ማለት ባለቤቱ ለሚጠቀምበት ዓላማ እንዲጠበቅ በሌላው እጅ የተቀመጠ ንብረት ወይም ኀላፊነት ነው። በአማና የተያዘን ነገር ወጪ አድርጎ ወጪው ምን እንዳስገኘ አለመመልከት፣ ስርቆት ባይሆንም ማባከን ነው፤ የአማናን ባለዕዳ የሚጠይቀው ፈጣሪ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ደግሞ፣ ርእሰ መምህሩ ባያውቅም ጥያቄው የሚቀር አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) እያንዳንዱ ሰው ጠባቂ እንደ ሆነና ስለሚጠብቀው እንደሚጠየቅ ማስተማራቸው በሐዲስ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ነገር የሙሐሰባው ቦታ ነው። ራሱን መተሳሰብ ገና ያልቻለ ልጅ በውስጡ የነጋዴውን ወንበር የሚይዝለት አላገኘም፤ ስለዚህ መምህሩ ያንን ወንበር ለጊዜው በውጭ ይይዝለታል። ተማሪው ሥራው በሌላ ሰው ሲታይ፣ ስሕተቱ ሲለይ፣ ምክንያቱ ሲጠየቅ ደጋግሞ ካየ፣ ቀስ በቀስ እነዚያኑ ጥያቄዎች ወደ ራሱ ማቅረብ ይለምዳል። ኢብን ኸልዱን (1332–1406 እ.ኤ.አ.) «ሙቀዲማ» በሚባለው ሥራቸው መለካ ያሉት ይህን ነው፤ መለካ በድግግሞሽ የሚገኝና በሰው ላይ ሥር የሰደደ ችሎታ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ በመስማት የማይገኝ በመሆኑ ትምህርት በየደረጃው እየተመለሰ መሰጠት እንዳለበት ያስረዳሉ። ድግግሞሽ ግን እርማት ከሌለው ስሕተቱንም ያጸናዋል፤ ያልታየ ሥራን አሥር ጊዜ የደገመ ተማሪ አሥር ጊዜ የተሳሳተውን ነገር ችሎታ አድርጎ ሊይዘው ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ፣ አለመከታተል ከትምህርት የጎደለ አንድ ነገር ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው የሚለው ነው። ሌሊቱን ተቀምጦ የሠራና ጠዋት ከጓደኛው ደብተር የገለበጠ እኩል ሲታለፉ፣ የመጀመሪያው ትጋቱ ዋጋ እንደሌለው፣ ሁለተኛው ማታለል እንደሚያዋጣ ይማራሉ። መልስ ከስልክ ላይ በቅጽበት በሚገኝበት በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ይህ ትምህርት ከምንጊዜውም በላይ ፈጥኖ ይገባል፤ የሚያከሽፈውም ተማሪው ያቀረበውን በቃሉ እንዲያስረዳ መጠየቅ፣ ማለትም ወደ ደረሳው ሥርዓት መመለስ ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ክትትል ተማሪውን ጥገኛ ያደርገዋል የሚል ሲሆን፣ በተለይ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ይነሣል፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ስለ ሥራው ራሱ ሊያስብ ይገባዋል ይባላል። ተቃውሞው በዓላማው ትክክል ነው፤ መድረሻውን ግን መነሻ አድርጎታል። በነባሩ ሥርዓት ሸኹ ለደረሳው ኢጃዛ፣ ማለትም የቀራውን ለሌሎች የማቅራት ፈቃድ የሚሰጠው ለዓመታት ከሰማውና ካረመው በኋላ ነው፤ ኢጃዛው ክትትሉ ማብቃቱን ያውጃል፣ ክትትሉ ሳይኖር ግን ኢጃዛው ባዶ ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ መልካም ክትትል ራሱን አላስፈላጊ ለማድረግ የሚተጋ ሥራ ነው፤ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ በየሳምንቱ ቢደረግ ለመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጁ በየምዕራፉ ሊሆን ይችላል፤ መጠኑ ይቀንሳል እንጂ መርሑ አይለወጥም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ክትትል ወደ ስለላና ወደ ቅጣት ይለወጣል የሚል ነው። ኢብን ኸልዱን በተማሪ ላይ የሚደረግ ጭካኔ ልጁን ወደ ውሸትና ወደ ተንኮል እንደሚነዳው ማስጠንቀቃቸው የዚህን ስጋት እውነትነት ያሳያል፤ ያልሠራውን ሁሉ የሚያንበረክክ መምህር ሠሪዎችን ሳይሆን ገልባጮችን ያበዛል። ገዛሊም ወቀሳ በተቻለ መጠን በግልጽ ከመሆን ይልቅ በዘወርዋራ፣ በማዋረድ ሳይሆን በርኅራኄ እንዲሆን ይመክራሉ። መከታተል ከስለላ የሚለየው በሚፈልገው ነገር ነው፤ ሰላይ ጥፋተኛውን ይፈልጋል፣ መምህር ግን ስሕተቱን ይፈልጋል፣ ሲያገኘውም ለባለቤቱ መልሶ ያስረክበዋል።

ውጤትን በቁጥር ብቻ መስጠትም ወደዚሁ ስጋት ይጠጋል። ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን በሦስት ከፍለው ለአንዱ ወገን አስተያየት፣ ለአንዱ ነጥብ፣ ለሦስተኛው ሁለቱንም ሰጥተው ነበር፤ ሥራቸውና ፍላጎታቸው የተሻለው አስተያየት ብቻ ያገኙት ሲሆኑ፣ ሁለቱንም ያገኙት ነጥብ ብቻ እንዳገኙት ሆኑ፤ ነጥቡ አስተያየቱን ሸፈነው። በኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን፣ ማለትም ተማሪውን በአንድ ፈተና ሳይሆን በዓመቱ ሙሉ መመዘንን ያስገባው ትምህርቱን ለማቃናት ነበር፤ በተግባር ግን ምዘናው አምስትና አሥር ነጥብ ማጠራቀሚያ እስከ ሆነ ድረስ ምልክቱ እንጂ ክትትሉ አልተገኘም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው ብዙ ምክንያቶች አሉት፤ ከምክንያቶቹ አንዱን ለይቶ ሁሉን በእሱ ማላከክ ስሕተት ይሆናል። ሆኖም በየክፍሉ ሲያልፉ የመጡ ተማሪዎች በመጨረሻው ቀን በዚህ መጠን ሲወድቁ፣ በመካከል ሊደረግ ይገባ የነበረው መተሳሰብ ለመጨረሻው ቀን ተጠራቅሞ እንደ ቆየ ያመለክታል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የአቅም ነው። በሀገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ መስፈርት መሠረት በአንድ ክፍል 40 ተማሪዎች ይሁኑ ቢባልና አንድ መምህር አምስት ክፍሎችን ቢያስተምር 200 ደብተር ይጠብቀዋል፤ ለአንዱ ደብተር ሦስት ደቂቃ ቢሰጥ ለአንድ ዙር እርማት 600 ደቂቃ፣ ማለትም አሥር ሰዓት ያስፈልገዋል። ክፍሎቹ ከመስፈርቱ በላይ ሲጨናነቁ ስሌቱ ይብሳል። አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ እንደማያስገድድ የሚያስተምር ሃይማኖት ተከታይም ሆነ በአእምሮ ብቻ የሚመራ ሰው፣ የማይቻል ነገር ግዴታ ሊሆን እንደማይችል ይስማማሉ።

ይህ እውነት ግን የሚያመራው ብዙዎች ወደሚወስዱት አቅጣጫ አይደለም። የመከታተል አቅም ከጠፋ የሚወድቀው የመከታተል ግዴታ ሳይሆን የማዘዝ መብት ነው፤ መከታተል የማዘዝ ቅድመ ሁኔታ እንጂ ተጨማሪ ደግነት አይደለምና። በየሳምንቱ ሦስት የቤት ሥራ ሰጥቶ አንዱንም የማያይ መምህር፣ በሁለት ሳምንት አንድ ሰጥቶ ሁሉንም ከሚያይ መምህር ያነሰ ያስተምራል። አል-ዘርኑጂ ስለ ተማሪ ሥነ ሥርዓት በጻፉት የታወቀ መጽሐፍ ለጀማሪ የሚሰጠው ትምህርት ሁለት ጊዜ በመድገም ሊያዝ የሚችል ያህል እንዲሆን፣ ከዚያም በጥቂት በጥቂቱ እንዲጨመር ይመክራሉ፤ ያ መጠን የተለካው በተማሪው አቅም ሲሆን፣ የሥራው መጠን በአራሚው አቅምም መለካት አለበት። አሥር ጥያቄ አዝዞ ሁለቱን አስቀድሞ መርጦ በጥልቀት ማንበብ፣ በየዙሩ ከክፍሉ ሩቡን ጠርቶ ሥራቸውን በቃል እንዲያስረዱ ማድረግ፣ ከፍ ያለው ደረሳ ጀማሪውን እንደሚያቀራ ሁሉ የበሰሉ ተማሪዎች በመምህሩ ቁጥጥር የታናናሾቻቸውን ሥራ እንዲያዩ ማድረግ፣ ሁሉም ተማሪዎች የተሳሳቱትን ለይቶ በክፍል መመለስ፣ እነዚህ ሁሉ አሥሩን ሰዓት ወደሚቻል ልክ የሚያወርዱ መንገዶች ናቸው።

በዚህ ረገድ የሚጠየቀው መምህሩ ብቻ አይደለም። መምህርን የሚያሠለጥን ኮሌጅ የራሱን ሠልጣኞች አሳይመንት ሳያነብ ካስመረቃቸው፣ ነገ በባቲና በከሚሴ ክፍሎች የሚደገመውን ልማድ ዛሬ አስተምሯቸዋል። የትምህርት ጽሕፈት ቤትም የተሰጠውን የቤት ሥራ ብዛት የትጋት ማስረጃ አድርጎ የሚቆጥር ከሆነ፣ መምህሩን ሊያየው የማይችለውን እንዲያዝዝ ይገፋዋል፤ የተመለሰውን የእርማት መጠን ቢቆጥር ግን ወደ ጥቂትና ወደ ታየ ሥራ ይመራዋል። ወላጅም ቋንቋውን ባያውቅ እንኳ፣ ልጁ ይዞት የሄደው ደብተር ታይቶ መመለሱን የመጠየቅ መብት አለው፤ ለዚህ ጥያቄ እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልገውም። ሥራን የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሁሉ፣ ከመምህሩ እስከ ጽሕፈት ቤቱ፣ ከማዘዙ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን ማን፣ መቼ ያየዋል? መልስ ያልተገኘለት እንደ ሆነ ሥራው ባይታዘዝ ይሻላል።